ሚኒ 4 ፕሮ ለድሬና ለሐረር፦ 249 ግራም ድሮን፣ ሙሉ የአብራሪ ኃላፊነት

በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር የሙሽሮች መኪና ሲያልፍ ከላይ የተቀረጸ ቪዲዮ የሌለው የሰርግ ፓኬጅ ድሬዳዋ ላይ ለመሸጥ እየከበደ መጥቷል። ለዚህ ሥራ ስሙ ቶሎ የሚነሳው ዕቃ ዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮ ነው። ካሜራው ጥሩ ስለሆነ ስለ እሱ ብዙ አንቆይም። የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ ሌላ ነው፦ ፈቃድ ያለው አብራሪ ይህን ትንሽ ዕቃ አላግባብ ሲያበር ምን ይደርስበታል? የአየር መንገድ አብራሪ ሆኖ ለዕረፍት ቤተሰቡ ጋ የመጣ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የድሮን ፈቃድ ይዞ የገባ ዲያስፖራ፣ እዚሁ በሙያው የሚያድር ቀራጭ፣ ሁሉም ይመለከታቸዋል። መልሱን ከወዲሁ እንናገር፤ ፈቃድ ያለው ሰው ከሌለው ይልቅ የሚያጣው ብዙ ነው፣ የሚፈረድበትም በጠበቀ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ሴንሰሩ 1/1.3 ኢንች፣ ፎቶው እስከ 48 ሜጋፒክስል፣ ቪዲዮው 4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ለዝግታ ደግሞ እስከ 100 ፍሬም ይደርሳል። ካሜራው 90 ዲግሪ ዞሮ ቁም ምስል ስለሚቀርጽ ለቲክቶክ ተብሎ ምስል መቁረጥ ቀርቷል። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 1.7 ላይ የተተከለ ስለሆነ አይጠብም። የድሬ የቀትር ፀሐይ ላይ በሰከንድ 25 ፍሬም እየቀረጹ ሹተሩን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ለማቆየት ብርሃን የሚቀንስ የኤንዲ ፊልተር የግድ ነው። ያለ ፊልተር ሹተሩ ብዙ ሺህኛ ውስጥ ይገባና የባጃጁም የሙሽሮቹም እንቅስቃሴ የተቆራረጠ ይመስላል። ፊልተሩ የዚሁ ሞዴል ይሁን፤ የሌላ ሞዴል ከባድ ፊልተር ካሜራውን የሚያረጋጋውን የጊምባሉን ሞተር ያስጨንቀዋል፣ ድሮኑ ሲነሳም የጊምባል ስህተት የሚል መልእክት ያመጣል። ሐረር ላይ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ብርሃን ስለሚያበዛ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) ትንሽ ዝቅ አድርጎ መጀመር ይሻላል።

ሙቀቱን በተመለከተ አምራቹ የፈቀደው ከዜሮ በታች 10 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ አስፋልት ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል። ድሮኑን አስነስቶ መሬት ላይ አቁሞ ሙሽሮችን መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ሲበር ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ቆሞ ሲበራ ግን ይግላል። ከበረራ የወረደ ባትሪ ወዲያው ቻርጅ አይቀበልም፤ የመሙያ ሙቀቱ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ስለሆነ ጥላ ውስጥ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ቁልፍ የተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል፣ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ዳግም ወደ ድሮኑ አይገባም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 34 ደቂቃ ነፋስ በሌለበት በዝግታ ሲበር የሚገኝ ነው። ለሥራ የሚታሰበው ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ነው፤ ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ መመለስ ይጀመር።

አሁን ወደ 249 ግራሙ። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመው ይህ ቁጥር የአሜሪካና የአውሮፓን ሕግ ታሳቢ አድርጎ የተመረጠ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ የሚሆነው ለመዝናኛ ሲበር ብቻ ነው። ፓርት 107 በሚባለው ደንብ ፈቃድ ይዞ ለሥራ የሚያበር ሰው ግን ድሮኑ ምንም ቢቀል ማስመዝገብ አለበት። አውሮፓም ካሜራ ያለው ድሮን የሚያበር ሰው ራሱን ያስመዘግባል። እዚህ አገር ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ሚዛን ላይ ተወጥቶ አይደለም። ኢትዮጵያ የፈረመችው የ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 8 አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በአገር ሰማይ ላይ አይበርም ይላል። የድሮን ፈቃድ ጉዳይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል፤ ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ እንደሚያዝ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ መጫወቻ ናት» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ለፈቃድ ባለቤት ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል፤ ደንቡን ተምሮ የተፈተነ ሰው አላወቅኩም ማለት አይችልም።

ይህን የምንለው ከራሳችን አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም ሰውየው ማድረግ የነበረበትን ጥንቃቄ የሚለካው በዕድሜው፣ በኑሮ ልምዱ፣ በትምህርቱ፣ በሥራውና በደረጃው ነው። ሁለት ሰዎች ድሬ ውስጥ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ድሮን አንስተው አንድ ዓይነት ጉዳት ቢያደርሱ፣ አንዱ ዕቃውን ትናንት የገዛ ልጅ፣ ሌላው ፈቃድ ያለው አብራሪ ቢሆን፣ ዳኛው ሁለቱን በአንድ ዓይን እንዲያይ ሕጉ አያስገድደውም። አብራሪው የአየር ክልል ምን እንደሆነ፣ የአውሮፕላን መቅረቢያ መስመር የት እንደሚያልፍ ተምሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031ም በሙያ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ካልጠበቀ ጥፋተኛ ነው፣ ካሳ ይከፍላል። ድሮን ለሚያከራዩ ደግሞ አንቀጽ 2081 አለ። የመሣሪያ ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላ ሰው ሳይፈቀድለት ቢያንቀሳቅሰው እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ድሮን ሞተር ያለው መሣሪያ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ይህን አንቀጽ ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ድሮን የሚያከራይ ስቱዲዮ የተከራዩን ፈቃድ ቅጂና ፊርማ ሳይዝ ዕቃውን ባይሰጥ ይሻለዋል።

የፈቃዱ ዕጣ ከፍርድ ቤቱ ለብቻው ይታያል፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ወንጀሉ በፍርድ ቤት፣ ካሳው በፍትሐ ብሔር ክስ፣ ፈቃዱ ደግሞ በሰጠው አካል በኩል ነው የሚሄዱት። አንዱ ላይ ነፃ መውጣት ሌላውን አይዘጋም። ፈቃድ የሰጠ የአቪዬሽን አካል ያግደዋል ወይም ይሰርዘዋል። በአሜሪካ ለምሳሌ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ በአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር መቀጮ መጠየቅ ይችላል፤ ከዚያ ላይ የአብራሪ ፈቃድ ማገድና መሰረዝ አለ። «በአንድ ጥሰት» የሚለው ላይ አንባቢ ይቁም። አንድ በረራ ውስጥ ከፍታ ማለፍ፣ ከዓይን ማራቅ፣ በተከለከለ ክልል መግባት ሦስት ጥሰት ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሰው ተሳፍሮበት የሚበር አውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ በአሜሪካ ሲሰረዝ ደግሞ ባለቤቱ ለአንድ ዓመት ዳግም ማመልከት አይችልም። በድሮን ጀምሮ በቦይንግ ፈቃድ የሚያልቅ ጉዳይ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጡ የድሬ ልጆች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። የፓርት 107 ካርድ የአሜሪካ ካርድ ነው፣ እዚህ አያበርርም። እዚህ ያለ ፈቃድ አብርሮ መያዝ ካርዱን አያድነውም፤ «ፈቃድ ያለኝ ነኝ» ብሎ ካርድ ማሳየት ደንቡን እያወቀ እንዳጠፋ በራሱ ላይ መመስከር ነው።

አሁን የዕቃውን ገጽታዎች በዚሁ ዓይን እንያቸው፤ ብዙዎቹ በማስታወቂያ ላይ ጥቅም ሆነው ቀርበው ለፈቃድ ባለቤት ወጥመድ ናቸው። ግንባር ቀደሙ ርቀቱ ነው። አምራቹ ምልክቱ ምንም ሳይከልለው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይላል። የድሮኑ ስፋት ግን ከነፕሮፔለሩ አርባ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ከ300 እስከ 400 ሜትር ሲርቅ የዝንብ ያህል ነጥብ ይሆናል፣ በድሬ አቧራማ ከሰዓት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጠፋል። ከዓይን ያልራቀ በረራ የአብዛኛው አገር መሠረታዊ ደንብ ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ እሳት ጊዜ ከዚሁ ከሚኒ ቤተሰብ የሆነ ድሮን እሳት ሊያጠፋ የመጣ የካናዳ ውሃ ረጪ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቀዳዳ ከፈተ። አብራሪው ድሮኑን ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ አንስቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ልኮት ነበር፣ ከዓይኑም ጠፍቶት ነበር። ጥገናው 65,169 ዶላር ወጣበት፤ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ካሳ ለመክፈልና 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመስጠት ተስማማ። አውሮፕላኑም እሳቱ እየነደደ ለጥገና ቆመ። 250 ግራም ያልሞላ ዕቃ የአውሮፕላን ክንፍ ይበሳል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው።

ይህን ወደ ድሬ አምጥተን እናስበው። የአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አየር ማረፊያ ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ከዚራና ጥንታዊው የባቡር ጣቢያ ከእሱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው። ከመንገደኛ አውሮፕላን በተጨማሪ የአየር ኃይል ምድብ አለው። ሐረር አየር ማረፊያ የላትም፣ ግን የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫ ናት። ስለዚህ ሐረር ላይ አውሮፕላን የለም ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ቪዲዮው ጥግ ላይ የጦር ካምፕ አጥር ቢገባ ጉዳዩ ከአቪዬሽን ደንብ አልፎ ወደ ጸጥታ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ፈቃድ መያዝ የሚያድን አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ «አፑ አላገደኝም» የሚለው ነው። ዲጄአይ ድሮኑን በአየር ማረፊያ አካባቢ ያግደው የነበረውን አሠራር በአውሮፓ በጥር 2024፣ በአሜሪካ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ማስጠንቀቂያ ለውጦታል። ስክሪን ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ነክቶ ማለፍ ይቻላል፣ ኃላፊነቱ ግን የነካው ሰው ነው። አፑ ካርታ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

አክቲቭትራክ የሚባለው ሰውን ወይም መኪናን የሚከተለው ዘዴ ጥሩ ይሠራል፣ መሰናክል ማያ ሴንሰሮቹም በሁሉም አቅጣጫ ናቸው። የሰርግ ቀራጭ ግን የሚያስነሳው ሰው በተሰበሰበበት፣ ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ላይ ነው። ሴንሰሮቹ የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድ አያዩም፤ በድሬው የመጋላ ሰፈር መንገዶች ላይ ደግሞ የማይታለፍ ገመድ ነው። ስፖርት ሞድ ሲገባ መሰናክል ማያው ጠፍቶ ፍጥነቱ በሰከንድ 16 ሜትር ይሆናል። ብዙ ግጭት የሚከሰተው ነፋስ ሲመታው አብራሪው ቶሎ ላምጣው ብሎ ስፖርት ላይ ሲያስገባና ገመዱን ሳያይ ሲቀር ነው። ነፋስ የሚችለው በሰከንድ እስከ 10.7 ሜትር ነው፤ ሲነሳ በነፋስ ተቃራኒ መሄድ፣ ሲመለስ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ ይሻላል።

በሰው ራስ ላይ ማብረር ለብቻው ይነሳ። የአሜሪካው ደንብ ቀላሉን ድሮን በሰው ላይ የሚፈቅደው የሚሽከረከረው ክፍል ቆዳ እንዳይቆርጥ ሲሸፈን ነው። ሚኒ 4 ፕሮ ያለ ፕሮፔለር መከላከያ ያንን አያሟላም፤ መከላከያው ሲገጠምለት ደግሞ ክብደቱ ከ250 ግራም ያልፋል። በካርቶኑ ላይ የተመካንበት ቁጥር ወዲያው ይፈርሳል ማለት ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የሚከበው ከተማ ጠባብ መንገዶች ያሉት፣ ቤቶቹም ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ናቸው። የቤተሰብ ኑሮ ግቢው ውስጥ ነው። ከመንገድ የማይታየው ሁሉ ከ30 ሜትር ከፍታ ይታያል፤ ልብስ የምታሰጣ እናት፣ የምትታጠብ ልጅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321ም አለ። ስለዚህ ጀጎልን ከፍ ብሎ ከግንቡ ውጭ በሰያፍ መቅረጽ ይመረጣል፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ማዞር ይቅር። ከተማው በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ የቅርስና የባህል ቢሮ ደብዳቤም ለብቻው ይጠየቅ።

ከጀጎል ጠባብ መንገድ ሲነሱ ጂፒኤሱ በቂ ሳተላይት እስኪያገኝና መነሻ ነጥቡ ተመዘገበ እስኪል ይጠበቅ። ሳይመዘገብ የተነሳ ድሮን ምልክት ሲያጣ የሚመለስበትን አያውቅም። የመመለሻ ከፍታው ከአካባቢው ሚናራ በላይ ይደረግ፤ ይህን ቁጥር ከፋብሪካ እንደመጣ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ሥጋ ገበያው አካባቢ ደግሞ ጭልፊቶች አሉ። ሥጋ ከሰው እጅ የሚነጥቁ ወፎች ድሮን ሲያዩ ይጠጉታል። ወፉ ሲጠጋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ይረዳል፤ ወደ ጎን መሸሽ ግን ያባብሰዋል። በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲነሱና ሲያርፉ ጨርቅ ወይም የማረፊያ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ አሸዋ ጊምባሉ ውስጥ ከገባ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ስለ በርጫ ሳይነሳ አይታለፍም። ምርጡ ብርሃን ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ በርጫው ደግሞ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአብራሪዎችን ፈቃድ በሚመለከተው ደንብ «ሳይኮአክቲቭ» የሚላቸውን ሲዘረዝር አልኮልንና አነቃቂ ዕፆችን ያካትታል፣ ቡናንና ትምባሆን ለይቶ ያወጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፣ አሜሪካ ውስጥም በጥብቅ የተከለከለ ነው። የሐረር ቡና ጠጥቶ ማብረር ይቻላል፣ ቅሞ ማብረር ግን ፈቃድ ላለው ሰው ሥራውን ማስያዝ ነው። አልኮል ላይ ፓርት 107 ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ 8 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል፤ ሰርግ ላይ የሚቀርጽ ሰው ጠጅ ቢቀርብለት ለበኋላ ይበለው።

አደጋ ከደረሰስ? ድሮኑን አታስነሱት፣ ባትሪውን አውጡ፣ የበረራ መዝገቡን አትሰርዙ። አፑ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ሰዓቱንና የመቆጣጠሪያው ጣት እንቅስቃሴን ሳይቀር ይመዘግባል። ንጹሕ ከሆናችሁ የሚያወጣችሁ ይኸው ነው፣ ከሰረዛችሁት ደግሞ መሰረዙ ራሱ ይቆጠርባችኋል። የፓርት 107 ባለቤት በአሜሪካ ከባድ ጉዳት ወይም ከ500 ዶላር በላይ የንብረት ጉዳት ካደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እዚያው ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት አለ፤ ጥፋቱ ሳይታሰብ የተፈጸመ ከሆነና በ10 ቀን ውስጥ ከተላከ ቅጣቱን ሊያስቀር ይችላል። ወንጀልንና አደጋን ግን አይሸፍንም።

ለፈቃድ ማመልከቻ ሲጻፍ የድሮኑ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር፣ የአብራሪው መታወቂያና የፈቃድ ቅጂ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታው በካርታ፣ ከፍተኛው ከፍታ፣ ዓላማውና ያሠራው ሰው ደብዳቤ ይግቡ። «ድሬዳዋና አካባቢው» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ጥያቄ ያስነሳል፤ «ባቡር ጣቢያ ግቢ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ከ60 ሜትር የማይበልጥ» የሚል ይሻላል። የተሰጠው ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ይያዝ። ከሰርጉ በፊት ደግሞ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ይታይ፤ የሰርጉ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሳለ መከራከር አይመችም።

መግዛት ላሰበ ሰው ስክሪን ያለው አርሲ 2 መቆጣጠሪያ ይሻላል፤ ስልክ የሚገጠምበት ሪሞት በድሬ ፀሐይ ስልኩ ሲግል ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ አብራሪውም ድሮኑን ትቶ ስልኩን ያያል። ሦስት መደበኛ ባትሪ ለአንድ ሰርግ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 18.96 ዋት ሰዓት ስለሆነ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይገባል። 45 ደቂቃ የሚባለው ባትሪ ፕላስ ድሮኑን ወደ 290 ግራም ያሳድገዋል። አዲሱ ሚኒ 5 ፕሮ ሴንሰሩ አንድ ኢንች ቢሆንም አምራቹ ክብደቱን 249.9 ግራም ብሎ የ4 ግራም ልዩነት ፈቅዶለታል። ክብደቱን አምኖ ወደ አውሮፓ ይዞት የሚሄድ ሰው ከመንገዱ በፊት በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝነው።